አባቴ ከጎረቤቴ ሱቅ የወጡ ዕለት

ብዙ ሰው ስለ ቅናቱ ሲያወራ «ትንሽ ደስ አላለኝም» እያለ ያለባብሳል። እኔ አላለባብስም። ቀናሁ። ምግብ አልበላ እስኪለኝ፣ እንቅልፍ እምቢ እስኪለኝ ቀናሁ። ያውም በባሌ አይደለም። በአባቴ ነው።

ስሜ የሺ ነው። ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ ዳር የእርሻ መድኃኒት እሸጣለሁ፤ የአረም፣ የተባይ፣ የጀርባ መርጫና መለዋወጫ። የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው፤ የመድኃኒቱን ነገር የለመድኩት እየሸጥኩ ነው። ለብዙ ጊዜ በዚያ መስመር ላይ ከእኔ ሌላ ይህን ዕቃ የሚይዝ አልነበረም። ገበሬው ከሸኖም ከሱሉልታም ሲመጣ እኔን ጠይቆ ነበር የሚመጣው። ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ ሄለን መጣች። ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ የዕፅዋት ሳይንስ ተምራለች፤ ጥርሷ ነጭ ነው። ግድግዳ እንጋራለን፣ ያውም ከቺፑድ የተሠራች ስስ ግድግዳ። ጠዋት መዝሙሯን፣ ቀን ሳቋን፣ ከሰዓት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚላትን ደንበኛ ሁሉ እሰማለሁ። መድኃኒታችን ከአንድ አስመጪ ነው የሚመጣው። ዋጋችን አንድ ነው። ግን የእኔ ደንበኛ አንድ ጊዜ ገዝቶ ይጠፋል፤ የእሷ ደንበኛ በዓመቱ ጎረቤቱን አስከትሎ ይመለሳል። አንዳንዴ ጸልያበት ይሆን እንዴ የምትሸጠው እላለሁ። በሯ ላይ ሰው ሲቆም ሥራዬን ትቼ ማን እንደሆነ አያለሁ። የእኔ የነበረ ሰው ከሆነማ የዚያን ቀን ምሳ የለም።

እሷ የሌላት እኔ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ።

አባባ ሸኖ አካባቢ ስንዴ ያርሳሉ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ራሳቸው መጥተው ከእኔ ሱቅ የአረም መድኃኒት ይወስዳሉ። ይህንን ለደንበኛ ሁሉ እናገራለሁ። ሰው መድኃኒቱን አገላብጦ ሲያመነታ ካየሁ «አባቴ ራሳቸው የሚረጩት ይህንን ነው፤ ማሳቸውን ብታየው መስታወት ነው» እለዋለሁ። ሄለን ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላለች፤ እኔ ደግሞ አባቴን በአፌ እሰቅላለሁ። ድምፄንም ግድግዳውን እንዲያልፍ አድርጌ ነው የምናገረው።

አሁን ስለ ምርቃት ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ስለሚመጣ። እኛ አገር ሻጭ ዕቃ ሲሸጥ ትንሽ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ቲማቲም የገዛ አንድ ቃሪያ ይመረቅለታል። ይህ የስንዴ አረም መድኃኒት ሲመጣ ወገቡ ላይ በፕላስተር የታሰረች ቢጫ ዘይት ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አለችው። ዕቃ አድራሹ «መርጫው ውስጥ አብራ ትጨመራለች፣ ታጠነክረዋለች» ብሎኝ ነበር። እኔ በሱቅ ቋንቋ ተረጎምኩት፤ ምርቃት ናት አልኩ። ያልተከራከረኝ ደንበኛ ይዟት ይሄዳል። ዋጋ ቀንሺ ብሎ ለነዘነዘኝ እቀንስና ጠርሙሷን ፈትቼ አስቀራታለሁ። ሱቁ ጓዳ ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ተጠራቅማ ነበር።

አባባ ደግሞ እኔ ሳልነካት ራሳቸው ነበር የሚፈቷት። ፕላስተሩን በጥፍራቸው ይልጡና ጠርሙሷን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ። «ይህችን ደንበኛ ሳቢባት። እኔ የቤት ሰው ነኝ፣ ለቤት ሰው ምርቃት የለም» ይሉኛል። እንዴት እንደምወዳቸው በዚያች ሰዓት!

ያን ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም ነበር። አባባ እንደሚመጡ በዋዜማው ደውለውልኛል። ቦምቦሊኖ ስለሚወዱ በወረቀት አስጠቅልዬ፣ ወንበራቸውን ጠርጌ እጠብቃለሁ። ከፊት ለፊታችን የታክሲ ተራ የሚያስከብረው ፋሲል በሩ ላይ ብቅ አለ፤ ዝናቡ ከኮፍያው ይንጠባጠባል።

«አቦ የሺ፣ ፋዘር መንገድ ጠፋባቸው እንዴ?»

«የምን መንገድ?»

«ጎረቤት ገቡ እኮ። ቆዩ እንጂ። ሳቅ በሳቅ ሆነዋል።»

ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ልለጥፍ ስል የሄለን በር ተከፈተ። በመስታወቱ አየሁ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥቁር ፌስታል ይዘው ወጡ። ሄለን ራሷ በዝናቡ እየተደበደበች ጃንጥላዋን እሳቸው ላይ ይዛለች።

«ተባረኪ ልጄ» አሏት። «ውለታሽ አለብኝ።»

ልጄ! ደሜ ፈላ። አንድ ልጅ ያላቸው መስሎኝ ነበር፤ እኔን። ከዚያ የበለጠው መጣ። አባባ ወደ ሱቄ አየት አደረጉ፣ ፌስታሉን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡና ወደ እኔ በመምጣት ፈንታ ዳገቱን ይዘው ወደ ፒያሳ ወጡ።

ሱቁን ለፋሲል አደራ ብዬ ተከተልኳቸው። እንደ ሌባ ነው የተከተልኳቸው፣ ከሰው ጀርባ እየተደበቅኩ። ሰው ሰላም ሲለኝ አልመልስም። ይህች ልጅ ደንበኞቼን ወሰደች፣ እሺ። ገበያ ነው። አባቴን ግን በምን ወሰደቻቸው? ነገ ገበሬው ሁሉ «የየሺ አባት ከሄለን ነው የሚገዙት» ሲል ምን እላለሁ? ሱቄን ልዝጋው? ሆዴ እንዲህ እያለ ነው ዳገቱን የጨረስኩት፤ ጃንጥላ በእጄ ይዤ ሳልዘረጋው ራሴ እስኪርስ ድረስ።

አባባ አንድ ኬክ ቤት ገብተው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ሻይ አዘዙ። ግራ ቀኝ አዩና ፌስታሉን ከጋቢው አውጥተው ውስጡ ያለውን ነገር በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አስገቡት። ፌስታሉን አጣጥፈው ጠረጴዛው ሥር ጣሉት። ከእኔ ነበር የሚደብቁት። ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ዕንባዬና ዝናቡ ተቀላቀለብኝ።

ገባሁ።

«አባባ!»

ብድግ አሉ። «የሺዬ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የበሰበስሽው? አሁን ወደ አንቺ ልወርድ ስል...»

«ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከመኪናው። ብርድ ሲለኝ ሻይ ልጠጣ ብዬ ገባሁ።»

አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። በሬ ሲሸጡ እንኳ የበሬውን ጉድለት ቀድመው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ማኪያቶ አዘዝኩ። ስለ እናቴ ጉልበት አወሩኝ፣ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። እኔ ዓይኔን ከካፖርታቸው ኪስ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። እዚያው ልጠይቃቸው ከአፌ ደርሶ ተመለሰ፤ ባንኮኒው ጋ የቆሙት ሰዎች እንዳይሰሙን ፈራሁ።

በአንድ ጃንጥላ ቁልቁለቱን ወረድን። የሄለንን በር ስናልፍ አንገታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እኔም አየኋቸው።

ሱቅ ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና እንደ ወትሮው «በይ የሲናሩን መድኃኒት ስጪኝ» አሉ።

ሲናር ስንዴ የሚመስል፣ ከስንዴው መሀል የሚበቅል ክፉ አረም ነው። መድኃኒቱን ከመደርደሪያው እያወረድኩ ነገሩ ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። የሄለንን ገዝተዋል። የእኔን የሚገዙት ለይሉኝታ ነው። የእኔን ቤት ወስደው ጥግ ያስቀምጡትና የእሷን ይረጫሉ። በቅናቴ ላይ ይህ ውርደት ተጨመረበት። ደንበኛ ሲሄድብኝ አውቃለሁ፤ አባቴ አዝነውልኝ ሲገዙኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

መድኃኒቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። አባባ በጥፍራቸው ፕላስተሩን መላጥ ጀመሩ። ቢጫዋን ጠርሙስ ለይተው ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

«ይህችን ደንበኛ ሳቢባት። እኔ የቤት ሰው...»

«የቤት ሰው አይደሉም!» ብዬ ጮኽኩ። «የቤት ሰው ጎረቤት አይገባም። የቤት ሰው አይደብቅም። በካፖርትዎ ኪስ ያለው ምንድን ነው? እኔ የማላውቅ መሰለዎት? ለእሷ ልጄ ይበሏት፣ መድኃኒቷንም ይርጩት፤ የእኔን ግን አዝነውልኝ አይግዙኝ!»

በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሄለን መዝሙር ተቋረጠ።

አባባ ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

መድኃኒት አልነበረም። ቢጫ ዘይት ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ናት። እሳቸው አሁን ፈትተው ከመለሱልኝ ጠርሙስ ጎን ቆመች። መለያቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ። ከቆሙበት ቦታ በቀር የትኛዋ የማን እንደሆነች የሚለይ ነገር አልነበረም።

«ይኸው ነው» አሉ። «ሌላ የለኝም። መድኃኒቱንማ ከልጄ ሱቅ ነው የምገዛው።»

«ታዲያ ይህችን... እኔ ስሰጥዎ እምቢ እያሉ?»

«ዘንድሮ ብቀበልሽ ለምን ትዪኝ ነበር። ለምን ካልሽኝ ደግሞ የአምናው ሊወጣ ነው።»

«የአምናው ምንድን ነው?»

አባባ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከባድ ነገር ሲናገሩ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።

«ሲናሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀር ነበር፤ አምና ግን ጭራሽ አልሞተም የሺዬ። ቢጫ መስሎ ቆየና አገገመ። ስንዴውን ረግጦት በቁመት በለጠው። ሰው በማሳዬ በኩል ሲያልፍ ይስቅ ጀመር። አንድ እፍኝ ነቅዬ ላሳይሽ መጣሁ። በርሽ ላይ ስደርስ ሁለት ሰዎች ይዘሻል። 'አባቴ ራሳቸው የሚረጩት ይህንን ነው፣ ማሳቸው መስታወት ነው' ትያቸዋለሽ። እኔ ከበሩ ውጭ ሲናሩን በእጄ ይዣለሁ። ምን ብዬ ልግባ?»

ያን ቀን እንደመጡ እንኳ አላውቅም ነበር።

«ወደ ኋላዬ ስል ይህች ልጅ አየችኝ። 'አባባ፣ ሲናሩን ወዴት ይዘውት ይሄዳሉ?' ብላ ገባ አረገችኝ። ዘይቱን ጨምረዋል ወይ አለችኝ። የምን ዘይት፣ ዘይቱማ ምርቃት ነው አልኳት።»

በሩ ተንኳኳ። ሄለን ነበረች። ግድግዳችን ስስ ነው ብያችኋለሁ።

«ይቅርታ የሺዬ» አለች። «አባባን ይንገሯት ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው። ለእሷ ትንፍሽ እንዳትይ ብለው አስማሉኝ።»

ስታወራ እንኳ ቀናሁባት። አባቴ ከእኔ የደበቁትን እሷ ዓመት ሙሉ ይዛዋለች። የቤታችን ምስጢር በእሷ እጅ ነበር። እኔ እንግዳ ነበርኩ።

«እና ዘይት ምን ያደርጋል?» አልኳት። ድምፄ አልለዘበም። «ውሃ አይበቃውም?»

«ሲናሩ አለዎት አባባ?» አለች። አባባ ከሌላኛው ኪሳቸው የተጠቀለለ ፕላስቲክ አወጡ፤ ጠዋት ነቅለው ለእሷ ሊያሳዩ ያመጡት የዘንድሮ ሲናር ነው። ሄለን ጠርሙስ ስትፈልግ ጊዜ የእኔን ገፋሁላት። የእሷን እንዲከፈት አልፈለግኩም።

አንድ ቅጠል ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። በጣቷ ጫፍ ንጹሕ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ጠብታዋ ዶቃ ሆና ቁጭ አለች። ቅጠሉን ዘንበል ስታደርገው ተንከባልላ ወረደች፤ ቅጠሉ ደረቅ ነበር።

«ቅጠሉ ላይ ሰም አለ» አለች። «በዓይን አይታይም። መድኃኒቱን በውሃ ብቻ ሲረጩት አብዛኛው እንዲህ መሬት ይወርዳል። የቀረውም ሰሙን አያልፍም።»

ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርጋ ከቢጫው ዘይት ጥቂት ጨመረችበት። ዘይት ይንሳፈፋል ብዬ ስጠብቅ ውሃው ወተት መሰለ። ከዚያ ከእሱ ቅጠሉ ላይ ጠብ አደረገች። ጠብታዋ ዶቃ አልሆነችም፤ ተዘረጋች፣ ቅጠሉን አለበሰችው። ዘንበል ስታደርገው አልወረደችም።

«ዘይቱ ያሰፋዋል፣ ሰሙን ያለሰልሰዋል፣ ቶሎ እንዳይደርቅም ያደርገዋል። ያኔ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይገባል። የአምናው መድኃኒትሽ ደህና ነበር የሺዬ። የሚያስገባው ነው ያጣው።»

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ደግሞ አምና ዘይት ስትለኝ ከእናትሽ ማጀት ወስጄ በተረፈኝ መድኃኒት ላይ ጨመርኩበት።»

«አባባ! የምግብ ዘይት አላልኩም እኮ!»

«አንቺማ አላልሽም። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ነው። ከላይ ተንሳፈፈ። የመርጫው አፍ ተደፈነ። የወጣው ደግሞ ቦታ ቦታውን ስንዴዬን አቃጠለው። እናትሽ ዘይቷን ስታጣ ሳምንት አላናገረችኝም።»

ሄለን ሳቀች። «የምግቡ ከውሃ ጋር አይስማማም። በዚህ ውስጥ የሚያስማማው ነገር አለ።»

«ታዲያ ለሁሉም መድኃኒት ነው?» አልኳት። ሳላስበው ነው የጠየቅኳት።

«አይደለም። አንዳንዱ ዘይት ከገባበት ሰብሉንም ይጎዳል። ጠርሙሱ ላይ ጨምሩ ካለ ብቻ ነው፣ ያለውን ያህል ብቻ። ለዚህኛው ግን መድኃኒቱና ዘይቱ አንድ ዕቃ ናቸው።»

አንድ ዕቃ። ጓዳ ውስጥ ያለው ካርቶን ትዝ አለኝ። ዋጋ ቀንሼላቸው ግማሽ ዕቃ ይዘው የሄዱት ሰዎች አንድ በአንድ ፊቴ ላይ መጡ፤ ያልተመለሱት እነሱ ነበሩ። ሄለን ለአባቴ ካልሆነ በቀር ለማንም ፈትታ አታውቅም። ጸሎት አልነበረም እንግዲህ፤ ፕላስተር ነበር።

አባቴን አየኋቸው። ከእኔ በገዙት መድኃኒት ማሳቸው ተበላሸ። ከሌላ ቢገዙ ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው ግን በዝናብ መጥተው፣ ከጎረቤት ዘይት ለምነው፣ በኪሳቸው ደብቀው፣ የልጃቸው መድኃኒት እንዲሠራ ሊያደርጉ ነበር። በሰው ፊት የምናገረው እውነት እንዲሆንልኝ። ያን ሁሉ ዳገት ስከተላቸው የቀናሁት በዚህ ሰው ነው።

ጉልበታቸውን ሳምኩ። አለቀስኩም። «ኧረ ተይ፣ ሱቁን በውሃ አትሙዪው» አሉኝ።

መልካም ሰው ሆንኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሄለን ልትወጣ ስትል ሁለቱን ጠርሙሶች አየሁ። የተከፈተችው የእኔ ናት፤ ያልተከፈተችው የእሷ። አባባ ያልተከፈተችውን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። ቀደምኳቸው። አንስቼ ለሄለን መለስኩላት፤ ከጓዳ ሌላ አምጥቼ መድኃኒቱ ወገብ ላይ ራሴ በፕላስተር አሰርኩት።

«የአባቴን እኔ እሰጣለሁ» አልኳት።

«እሺ» አለች እየሳቀች። ጥርሷ ያው ነጭ ነው።

በመስከረም ማለቂያ አባባ ደወሉ። ስለ ሲናሩ ብጠይቃቸው «የቱ ሲናር?» አሉኝ።

ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠሽ ለምትሉኝ፣ ቅናቴን አላጠፋልኝም። እንዲያውም ቅናት እንዴት እንደሚያሳውር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የጎረቤቴን ደንበኛ ስቆጥር የራሴን ጓዳ አላየሁም። አንዳንዶቻችሁ እንደ እኔ የምትቀኑበት ሰው አላችሁ። ተውት አልላችሁም፣ እኔም አልተውኩም። ግን ከቀናችሁ አይቀር ገብታችሁ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። እኔ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ያላገኘሁትን፣ በሯን አንኳኩቼ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መማር እችል ነበር።

አሁን ዋጋ ለሚከራከረኝ ያቅሜን እቀንሳለሁ፤ ጠርሙሷን ግን አልፈታም። ማስታወቂያዬንም ቀይሬዋለሁ። በዚህ ዓመት ነሐሴ አንድ ገበሬ ዘይቱን ትቼው ትንሽ ቀንሺልኝ አለኝ። «አይሆንም» አልኩት፣ ድምፄን እንደ ልማዴ ከፍ አድርጌ። «አባቴ ያለዚህ ዘይት ረጭተው አንድ ዓመት ሙሉ ሲናር ነው ያጨዱት!»

በሩ ላይ ጥላ አየሁ። አባባ ነበሩ። ቆም ብለው ሰምተውኛል። ደነገጥኩ፤ በሰው ፊት አዋረድኳቸው ብዬ። ተመልሰው የሚሄዱ መሰለኝ።

አልሄዱም። ገቡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ከሰውየው ጎን ቆሙ።

«እውነቷን ነው» አሉት። «ሲናር ያጨድኩት እኔ ነኝ።»

ሰውየው ጠርሙሷን ይዞ ሄደ። አባባ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ቦምቦሊኖአቸውን ሰጠኋቸው።

ወደ እኔ ከመግባታቸው በፊት ግን ሄለንን ሰላም ብለዋት ነው የመጡት። ፋሲል አይቶ ነግሮኛል።